በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ እርሾ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የወታደር ሚስት ከቤታችን መጥታ ባለቤቴን እርሾ ስትለምን ሰማሁ። ከሱቅ የምትገዛው ደረቅ እርሾ አልቆባት፣ ለማግስቱ በዓል ዳቦ መጋገር ተስኗት ነበር። ባሏ፣ የአሥር አለቃነት ማዕረግ ከተሰጠው ገና ዓመት ያልሞላው ለግላጋ ወታደር፣ ከደጃፉ ቆሞ «ለአንድ ጭብጥ ኮምጣጣ ሊጥ ከሰው ደጅ መቆም ምን ይባላል?» ሲል ሣቀ። እኔም አብሬው ሣቅሁ። የሣቅሁት ግን በነገሩ ተስማምቼ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ይህንኑ የመሰለ ቃል፣ በዚችው በሞያሌ ከተማ፣ ለዚችው ለባለቤቴ ተናግሬው ስለ ነበር ነው።

ውድ የቤተሰብ ዓምድ አንባቢያን፣ ለዚያ ወጣት በደጃፍ ቆሜ ያልነገርሁትን በዚህ ጽሑፍ ልነግረው ወድጃለሁ። ታሪኩ የእርሾ ታሪክ ነው፤ የአንድ ሃምሳ አለቃ ጥፋትም አለበት። ጥፋተኛው እኔ ራሴ ነኝና ማንንም እንዳማሁ አይቈጠርብኝ።

ወሩ ግንቦት፣ ዘመኑ 1983 ዓ.ም. ነበር። የነበርሁበት ክፍል ተበትኖ፣ ብዙ ወታደር ከነቤተሰቡ ወደ ኬንያ ድንበር ይጎርፍ ነበር። እንደሚታወቀው ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ፣ በሁለት አገር የተከፈለች ከተማ ናት፤ ከወዲህ ኢትዮጵያ፣ ከወዲያ ኬንያ ነው። በዚያች ሌሊት ለመሻገር ስንሰናዳ እኔ የማሰላው ስለ ውኃ፣ ስለ ብርድ ልብስና ስለ ሁለቱ ልጆቻችን ነበር። ታላቂቱ አራት ዓመቷ ነበር፤ ታናሹ ገና ጡት አልተወም። የልጆቼ እናት ግን ኩራዝ አብርታ፣ ከቡሃቃው ግርጌ የቀረውን የደረቀ ሊጥ በቢላዋ ጀርባ ትፍቅ ነበር። የፋቀችውን ከጥቂት ዱቄት ጋር በእጇ አሽታ ፍርፍር አደረገችውና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሸሽ አንቺ ኮምጣጣ ሊጥ ትሸከሚያለሽ?» አልኋት።

«ሃምሳ አለቃ፣ አንተ ነፍሳችንን ያዝ። እኔ ነፍሳችን የምትበላውን እይዛለሁ» አለችኝና ቋጠሮውን አጠበቀች።

ከብዙ ቀን እንግልት በኋላ የደረስንበት ማረፊያ ዋልዳ ነበር። ዋልዳ ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት በሚኬድበት አቅጣጫ፣ በሰሜን ኬንያ ደረቅ ሜዳ ላይ የምትገኝ ሥፍራ ናት። ምድሩ የቦረናና የገብራ አርብቶ አደሮች ግመላቸውንና ከብታቸውን እየነዱ የሚዘዋወሩበት ነው። በዚያ ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 ከኢትዮጵያ ለተሰደደው ሕዝብ የመጠለያ ጣቢያ ተቋቋመ። ቀን ቀን ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ድንኳኑን ይደበድበዋል፤ ውኃ የሚገኘው በሰልፍ ነበር። ትናንት ሰው ያሰልፍ የነበረ ባለማዕረግ ዛሬ ጀሪካን ይዞ ከሴቶች ኋላ ይሰለፋል።

የሚታደለን ራሽን አንዳንዴ የስንዴ ዱቄት፣ አንዳንዴ በቆሎ፣ ከዚያም ጋር ቦሎቄ፣ ዘይትና ጨው ነበር። በሠፈራችን እርሾ ያለው ሰው ስላልነበረ ሁሉም ቂጣ ይጋግር ነበር። ቂጣ ለወታደር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኮቾሮ ሲቆረጥም የኖረ ጥርስ ቂጣ አያስፈራውም። ልጆቹ ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ የቂጣውን መሐል እየበሉ ዳር ዳሩን ይተዉት ጀመር። ታላቂቱ ልጄ «ዓይን ያለው ስጡኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። እንጀራ ማለቷ ነው።

ባለቤቴ ቋጠሮዋን የፈታችው ያን ጊዜ ነው። አንድ እፍኝ ዱቄት በለብታ ውኃ በጠበጠች፤ ፍርፍሩንም ጨመረችበትና ጣሳውን በጨርቅ ሸፍና ከድንኳኑ ጥላ አኖረችው። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልታየም። በሁለተኛው ቀን መጥፎ ሽታ ስለ ሸተተኝ «ይህን ነገር ድፊው፣ ልጆቹን በሽታ ላይ ይጥላቸዋል» አልኋት። እርሷ ግን ከላዩ ቀንሳ ጥቂት አዲስ ዱቄትና ውኃ አበላችው። «አበላችው» ማለቴ ቃል ሳጣ አይደለም፤ እርሷ ራሷ የምትለው እንዲሁ ነው። በአራተኛው ቀን ጧት ጣሳው በትንንሽ አረፋ ተሞልቶ፣ ሽታውም ተለውጦ፣ የእናቴን የእንጀራ ቤት የሚያስታውስ ጥሩ ኮምጣጣ መዓዛ ሰጠ። አንድ ተዋጊ ከቁስሉ ሲያገግም ያየሁትን ያህል ደስ አለኝ፤ ነገር ግን በፊቷ ደስታዬን አልገለጽሁም።

በዚያ ጣሳ ውስጥ የሆነውን ነገር የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከስደት ተመልሼ ማንበብ ስጀምር ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከእንጉዳይ ወገን የሆነ፣ እያንዳንዱ አካል ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ የማይበልጥ፣ በዓይን የማይታይ ፍጡር ነው። ከሱቅ በምንገዛው በአንድ ግራም እርሾ ውስጥ በቢሊዮን የሚቈጠሩ እንዲህ ያሉ ነፍሳት አሉ። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1680 በሠራው ማጉሊያ መነጽር የቢራ እርሾ ጠብታ ተመልክቶ ክብ ክብ ፍሬዎችን አየ፤ ሕያው መሆናቸውን ግን አላወቀም። መፍላት ማለት የእነዚህ ጥቃቅን ሕያዋን ሥራ መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ ባወጣቸው ጥናቶች ያስረዳው ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ነው።

ሥራውም ይህ ነው፦ እርሾው በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ይበላል፤ በምትኩም አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ያወጣል። አየሩ ሊጡን ኩፍ ያደርገዋል፤ አልኮሉ በእሳቱ ይተናል። በቤት እርሾ ውስጥ ግን እርሾው ብቻውን አይኖርም። ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች አብረውት አሉ፤ የኮምጣጣው ጣዕም ከእነርሱ ነው። አሲዱ በበረከተ ጊዜ ሊጡን የሚያበላሹት ሌሎች ተሕዋስያን ይሸነፋሉ። በሁለተኛው ቀን ሸትቶኝ የነበረው የእነዚያ ሽታ ነበር፤ በአራተኛው ቀን የደኅናዎቹ ወገን ድል አደረገ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሳታነብ ታውቀው ነበር። እናቶቻችን የጤፉ ሊጥ በሁለት በሦስት ቀን ሲፈላ ከላዩ የሚያቀርረውን ቢጫ ውኃ ቀድተው ለሚቀጥለው ቡኮ የሚያስቀምጡት ስለዚሁ ነው።

እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ በዋልዳ ስላልነበረን መጀመሪያ የተጋገረው ዳቦ ነው። ድፎ የሚጠቀለልበት ኮባም በዚያ ምድር አይገኝም። የልጆቼ እናት የዘይት ቆርቆሮ በአሸዋ ፈግፍጋ አጠበች፤ ውስጡን ዘይት ቀብታ ሊጡን ገለበጠችበትና ከላይም ከታችም ፍም አደረገችበት። የበቆሎው ዱቄት ብቻውን እንደማይነሣም ያወቀችው በመጀመሪያው ሙከራ ነው። ምክንያቱም ስንዴ ግሉተን የሚባል፣ ሲለወስ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥና አየሩን አፍኖ የሚይዝ ነገር አለው፤ በቆሎ ግን የለውም። በመሆኑም ሁለት እጅ ስንዴ በአንድ እጅ በቆሎ መቀላቀል ልማዷ ሆነ።

ያ ዳቦ ተቆርሶ ሽታው በነፋስ ሲበተን ከየድንኳኑ ሰው ወጣ። ከልዩ ልዩ የጦር ክፍል፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሴቶች ጣሳና ኩባያ ይዘው ወደ ባለቤቴ መጡ። ለአንዲቱም እንኳ እምቢ አላለችም። አንድ ጭብጥ ሊጥ እየቆረሰች ትሰጣለች፤ ስትሰጥም አንድ ሕግ ትነግራለች፦ «ሊጡ ከተነሣ በኋላ አንድ ጭብጥ አስቀሪ፤ ሰው ሲለምንሽ ስጪ።» እኔ በዚህ አልተደሰትሁም። የያዝነውን ዳቦ እየሸጥን ጥቂት ሽልንግ ማግኘት ስንችል፣ ሁሉም የራሱን ከጋገረ ማን ይገዛናል ብዬ ተከራከርኋት። መልስ አልሰጠችኝም።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ሥራ ያጣ ወታደር ከሥራ የበለጠ የሚከብድ ነገር ይሸከማል። ቀኑ አይመሽም፤ ከመሸም አይነጋም። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ጠላ ጠምቀን ብንሸጥ ገንዘብ እናገኛለን፣ እግረ መንገዳችንንም እንጽናናለን ብለን መከርን። ጌሾ ከሞያሌ ገበያ የሚያመጣ ሰው ተገኘ። ብቅሉን ከራሽን በቆሎ አበቀልን።

ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ ለዚህ ዓምድ አንባቢያት ማስረዳት ለአንበሳ አደን እንደ ማስተማር ቢሆንም፣ ነገሩ እንዲገባ በአጭሩ ልበል። ጌሾና ብቅል ተደቁሰው በውኃ ይጠነሰሳሉ፤ ከቀናት በኋላ የተፈተፈተ ቂጣ፣ ቀጥሎም እንኩሮ ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻም ውኃ ሞልቶ ይከደናል። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾው ያንን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ዳቦውን የሚያነሣው እርሾና ጠላውን የሚያፈላው እርሾ አንድ ወገን ነው፤ የሳይንስ ስሙም ሳካሮማይሲስ ሴሬቪዚዬ ይባላል። ለዳቦ ሲሆን የሚፈለገው አየሩ ነው፤ ለመጠጥ ሲሆን የሚፈለገው አልኮሉ ነው። የቢራ ፋብሪካዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ ጭምር፣ በተመረጠ ንጹሕ እርሾ ይሠራሉ። ይህም እ.ኤ.አ. በ1883 በዴንማርክ ካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን አንዲትን የእርሾ ሕዋስ ለይቶ በማራባት የጀመረው ዘዴ ነው። የእኛ አገር ጋን ግን እርሾውን ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከራሱ ከጋኑ ግድግዳ ያገኛል።

ችግሩ እኛ ጋን አልነበረንም። ያገኘነው አዲስ የፕላስቲክ በርሜል ነበር፤ በግድግዳው ላይ ያደረ ምንም ነገር የለም። ጥንስሱ ሳይፈላ ሦስት ቀን ቆየ። ያን ጊዜ የባለቤቴ ጣሳ ትዝ አለኝ። እርሷ ውኃ ልትቀዳ በሄደችበት ሰዓት የአሥራ አምስት ቀን ራሽናችንን አብዛኛውን ዱቄትና ያን ጣሳ ሙሉ እርሾ ወስጄ ለበርሜሉ ሰጠሁ። እንዳይታወቅብኝም ጣሳውን በአመድና በአሸዋ አሽቼ፣ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስ አጠብሁት። በትዳር ዘመኔ ዕቃ ሳጥብ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጠላው ደረሰ። ሁለት ሌሊት ሸጥን፣ ጠጣን፣ ዘፈንን፤ የሞቱትን ጓዶቻችንን በስማቸው እየጠራን አለቀስን። የበርሜሉ ክዳን ግን ስንጥቅ ነበረበት፤ ሙቀቱም ብርቱ ነው። አየር ሲገባ ሌላ ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤነት ይለውጠዋል። በሦስተኛው ቀን የቀረው ሁሉ ሆምጥጦ አፍ የማያስገባ ሆነ። ከሽያጩ ያገኘነውም ገንዘብ ለጌሾው ዕዳ እንኳ አልበቃም። ወደ ድንኳኔ ስመለስ ለሚቀጥለው የራሽን ቀን ዘጠኝ ቀን ይቀር ነበር።

ባለቤቴ አልጮኸችም። ያበራውን ጣሳ አንሥታ አየችውና «ምነው ባታጥበው ኖሮ!» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ከግርጌው ጥቂት እንኳ ተጣብቆ ቢቀር ኖሮ እርሷ ታስነሣው ነበር።

በእነዚያ ቀናት በልመናና በብድር የተገኘች ጥቂት በቆሎ ቀቅለን በላን። ታላቂቱ ልጄ መጫወት ተወች። ከድንኳኑ ምሰሶ ተደግፋ ትቀመጥና የሌሎችን ልጆች ሩጫ ታያለች። ከእኛው ጋር የተሰደደ አንድ የሠራዊት ጤና ረዳት ነበር፤ ይዤያት ሄድሁ። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየና ወደ እኔ ዞረ። «ሃምሳ አለቃ፣ ይህች ልጅ ደም የላትም። ምን እየበላች ነው?» አለኝ። በጦር ሜዳ ከብዙ ጥያቄ ፊት ቆሜአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አልገጠመኝም። የብረት ማዕድን ያለበት ኪኒን ሰጠኝና ቦሎቄ እንድንጨምርላት፣ ዳቦም እንዳይቋረጥባት አዘዘኝ።

ማታ የሆነውን ሁሉ ለባለቤቴ ተናዘዝሁላት። እርሷም ባዶውን ጣሳ በእጄ አስይዛ «አንተ የጨረስኸውን አንተ ለምነህ አምጣ» አለችኝ።

ከሦስት ረድፍ ማዶ ልጇን በስደት መንገድ ላይ የቀበረች አንዲት ሴት ነበረች። ከባለቤቴ እርሾ ከወሰዱት የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። ከድንኳኗ ደጅ ቆሜ «እኅቴ፣ ጥቂት እርሾ ብትሰጪኝ» አልኋት። ጣሳውን አየች፤ እኔንም አየች። በጣቢያው የተደበቀ ነገር አልነበረም።

«ጋሼ፣ ለዳቦ ነው ወይስ ለበርሜሉ?» አለችኝ።

«ለልጄ ነው» አልኋት፤ ድምፄ ግን ከጉሮሮዬ በደንብ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችኝም። ከነበራት ግማሹን ቆርሳ በጣሳዬ አኖረችና፣ ከራሷ ዱቄት አንድ እፍኝ ጨመረችበት። «የራሳችሁ ነው፣ አደራ ነበር» አለችኝ። ልመለስ ስል ደግሞ ጠርታ «ሲነሣ አንድ ጭብጥ ለሰው ይቀመጥ፤ ይህ የባለቤትዎ ሕግ ነው» ብላ አሳሰበችኝ። ወደ ድንኳኔ ስመለስ አስቤ የማላውቀውን አሰብሁ። ባለቤቴ እንደ እኔ ምክር እርሾዋን ለራሷ ብቻ ይዛው ኖሮ፣ እኔ ጣሳውን ባጠብሁበት ቀን ከዋልዳ ምድር ጠፍቶ ነበር። የተረፈው የሰጠችው ነው።

ልጄ ዳነች። እርሾው ብቻውን አዳናት ብዬ አንባቢን አላታልልም፤ ኪኒኑ፣ ቦሎቄውና ዳቦው አብረው ነው የሠሩት። ሆኖም የፈላ ሊጥ ካልፈላው ይልቅ ለደም እንደሚጠቅም በኋላ ተረድቻለሁ። በእህል ውስጥ ፋይቲክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ የብረት ማዕድኑን አሥሮ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ሊጡ ሲፈላ የዚህ አሲድ ብዙው ክፍል ይፈርሳል፤ ማዕድኑም ይለቀቃል። አንድ ዱቄት በቂጣ መልክና በኮመጠጠ ዳቦ መልክ ሲበላ ለሰውነት የሚሰጠው እኩል አይደለም ማለት ነው።

እርሾው ራሱ ደግሞ ምግብ ነው። ከደረቀ በኋላ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ፕሮቲን ነው፤ ቫይታሚን ቢ የሚባሉትን ብዙዎቹንም ይዟል። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ በሕንድ አገር በቦምቤይ ከተማ የነፍሰ ጡር ሴቶችን የደም ማነስ ስትመረምር፣ ማርማይት የተባለው ከቢራ እርሾ የሚሠራ ምግብ እንደሚፈውሳቸው እ.ኤ.አ. በ1931 አስታወቀች። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ፎሊክ አሲድ የተገኘው የዚያን ምርምር ፈለግ በመከተል ነው። በበቆሎ ብቻ የሚኖር ሰው ደግሞ ፔላግራ በሚባል በሽታ ይያዛል፤ ቆዳው ይቆስላል፣ ሆዱ ይታወካል፣ አእምሮውም ሊናወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሕዝብ ባፈናቀለ ጊዜ፣ በዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ምክር ይህን በሽታ ለመከላከል የቢራ እርሾ ታድሏል። እ.ኤ.አ. በ1990 በማላዊ በነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች ላይ፣ ከራሽናቸው ኦቾሎኒው ሲቋረጥ፣ ይኸው በሽታ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን አጠቃ። ይህ የሆነው እኛ ዋልዳ ከመግባታችን ከአንድ ዓመት በፊት ነው። እኔ በበርሜል የደፋሁት ስንዴ ምን እንደ ነበር ያን ሳነብ ገባኝ።

ስለ መጠጥ ይህን ስል ጠላን ለመንቀፍ አይደለም። የበዓል ጠላ በጎረቤት መካከል ያለውን ፍቅር ያውቃል፤ አተላው እንኳ ላምን ያወፍራል፤ በውስጡ የረጋው እርሾ ነውና። የእኔ ጥፋት ጠላ መጥመቄ ሳይሆን፣ ከልጅ አፍ ነጥቄ መጥመቄ ነው። በየሠፈሩ ደመወዙን ከቤቱ በፊት ወደ መሸታ ቤት የሚያደርስ የሠራዊት ባልደረባ ቢኖር፣ የእኔን ጣሳ ያስታውስ።

እ.ኤ.አ. በ1993 የዋልዳ ጣቢያ ሲዘጋ ብዙዎቹ ስደተኞች ወደ ካኩማ ተዛወሩ፤ እኛ በሞያሌ በኩል ወደ አገራችን ተመለስን። ባለቤቴ በዚያው ነጠላ ጫፍ የደረቀ እርሾ ቋጥራ ነበር። በዚህ ጊዜ ቋጠሮውን የያዝሁላት እኔ ነበርሁ።

የእርሷ የነጠላ ቋጠሮ ሐሳብ ታላላቅ ጦር ሠራዊቶችም የደረሱበት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ትኩስ ዳቦ ለሚፈልግ ወታደሩ በረዶ ቤት የማያስፈልገው እርሾ ይሻ ነበር። ፍላይሽማን የተባለው ኩባንያ ያን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ነፍሱን የማያጣ እርሾ ሠራለት። ዛሬ ከሱቅ በእሽግ የምንገዛው ደረቅ እርሾ የዚያ ዘር ነው።

ባል ወደ ሌላ ግዳጅ ሲዛወር ዕቃ ለሚጠቀልሉ እኅቶቼ፣ የባለቤቴን ዘዴ እንደ ነገረችኝ እጽፋለሁ። ኩፍ ካለው ሊጥ አንድ ጭብጥ ወስዳችሁ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ስሱ አድርጋችሁ አስጡት፤ ማስጫው ጥላና ነፋስ ያለበት ይሁን። በእሳት አጠገብ አታድርቁት፤ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ እርሾው ይሞታል። ከደረቀ በኋላ ከጥቂት ደረቅ ዱቄት ጋር አሽታችሁ፣ እርጥበት በማይገባበት ዕቃ አኑሩት። ሲያስፈልግ በለብታ ውኃና በዱቄት ሦስት አራት ቀን ቀስቅሱት። ጨው ያደክመዋልና በመጀመሪያ አትጨምሩበት። ከሱቅ የሚገዛውንም ቢሆን ጥሬውን ለጤና ይጠቅማል ብላችሁ አትዋጡ፤ ሕያው እርሾ በሆድ ውስጥ ቫይታሚኑን ለራሱ ይሻማል እንጂ አይሰጥም። የእርሾ ጥቅም በእሳት ካለፈ በኋላ ነው።

ያቺ ታማ የነበረች ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ በአዲስ አበባ ትኖራለች። ስታገባ ከእናቷ ከወሰደችው ዕቃ መካከል አንዱ ክዳን ያለው ትንሽ ጣሳ ነበር።

ወደ ወጣቱ አሥር አለቃ ልመለስ። ባለቤቴ ለሚስቱ አንድ ጭብጥ እርሾ በኩባያ ሰጥታ ሕጓን ነገረቻት። ሊሄዱ ሲሉ ወጣቱን ጠርቼ ኩባያውን እርሱ እንዲይዝ ነገርሁት። እየሣቀ ተቀበለኝ።

«ሌላ ትእዛዝ አለ ሃምሳ አለቃ?» አለኝ።

«አንድ ብቻ ነው። ሲያልቅ ኩባያውን አንተ እንዳታጥበው» አልሁት።